ስለ ጀርባ ስልቻ ቃና፦ በአንድ ናሙና ላይ የተመሠረተ ጥናት

ወጥ ውሃ ውሃ ካለ ባለሙያዋ ትታማለች። ጠላ ውሃ ውሃ ካለ ድግሱ ይታማል። ውሃው ራሱ ውሃ ውሃ ካላለ ግን ማን እንደሚታማ አበው የደነገጉት ነገር የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተነሣ ነው። ትኩረቱ ተራራ ወጪዎች በጀርባቸው አዝለው በቱቦ የሚስቡት የላስቲክ ከረጢት ሲሆን፣ የናሙናው ብዛት አንድ ነው። ናሙናውም የአጥኚው የግል ንብረት ነው።

መጀመሪያ የስያሜው ነገር ይቅደም። የአዲስ አበባ ሃይከሮች ዕቃውን "ብላደር" ይሉታል። ቃሉን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ ያለ ሰው "ፊኛ" ላይ ይወድቃል፤ ፊኛ ደግሞ ወይ የልደት ቀን ጌጥ ነው፣ ወይ ሐኪም ፊት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠራ የአካል ክፍል። ከየትኛቸውም ውሃ መጠጣት ለሰሚ አይመችም። ስለዚህ ይህ ጥናት "ስልቻ" የሚለውን መርጧል። ስልቻ ከቆዳ ነው እንጂ ከላስቲክ አይደለም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይጠበቃል። መልሱ ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ ነው።

የዘመናዊው ስልቻ የትውልድ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ማይክል ኤድሰን የሚባል የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ በቴክሳስ፣ ዊቺታ ፎልስ ከተማ፣ በነሐሴ ሐሩር በሚካሄድ የ100 ማይል የብስክሌት ጉዞ ላይ ተሳተፈ። 100 ማይል 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጉዞው ስም በግርድፉ ሲመለስ "ከሲኦል የባሰ ሙቀት" ይላል። ሰውየው ከሥራው የሚያውቀውን፣ እኛ በደፈናው ግሉኮስ የምንለውን ከረጢት ውሃ ሞላው፤ ረጅም ካልሲ ውስጥ ከተተው፤ ካልሲውን ከማልያው ጀርባ ጋር አያያዘው፤ ቱቦውን በትከሻው አሳልፎ በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ካሜልባክ የሚባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚህ ነው። አንድ የሕመምተኛ ዕቃ፣ አንድ የእግር ዕቃና አንድ የማስጫ ዕቃ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ማለት ነው። ካልሲው ስለ መታጠቡ ታሪክ ዝም ይላል።

የአጥኚው ናሙና አገር ቤት የገባው ለእንቁጣጣሽ ከአሜሪካ በመጣ የአጎት ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ሽቶና በአንድ ትልቅ ፌስታል ቸኮሌት መካከል ተጨቁኖ ነው። ሁለት ሊትር ይይዛል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ከግርጌው በሚወጣው ቱቦ ጫፍ ላይ በጥርስ ሲነከስ የሚከፈት የጎማ ጡት አለው። ልጆች ያሳደገ ሰው ይህን ነክሶ ዳገት ሲወጣ ልጆቹ እንዲያዩት አይመከርም።

የመጀመሪያው የመስክ ምልከታ የተካሄደው በጥቅምት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የረር ተራራ ላይ ነው። አጥኚው ዳገቱን ሲያጋምስ ጡቱን ነክሶ ሳበ። የመጣው ቃና ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈለት የእንግዳ ሶፋ ነበር። አጥኚው በልጅነቱ እንዲህ ዓይነት ሶፋ ላይ በቁምጣ ተቀምጦ ስለሚያውቅ በዚህ ረገድ ጥርጣሬ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ምላስ የምታውቀው አምስት ነገር ብቻ ነው፦ ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ ጎምዛዛውን፣ መራራውንና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጥፍጥና። በዝርዝሩ ውስጥ ሶፋ የለም። ሶፋን የሚያውቀው አፍንጫ ነው፤ ሽታው በጉሮሮ በኩል ዞሮ ወደ አፍንጫ ይወጣና ምላስ የቀመሰችው ይመስላል። አጥኚው ይህን ለማረጋገጥ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ጨብጦ ጠጣ። ሶፋው ጠፋ። ስለዚህ በዘርፉ እጅግ ርካሹ መፍትሔ አፍንጫን መያዝ ነው፤ ችግሩ 3,000 ሜትር ላይ አፍንጫ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። (አማርኛ ጣዕሙንም ሽታውንም በአንድ አጠቃልሎ "ቃና" ማለቱ ብልህነት ነው። ውሃው ወይን የሆነበት ሰርግም ቃና በምትባል መንደር ነው የተደረገው፤ በዓሉ ጥር 12 ይከበራል። በዚያ ሰርግ የነበሩት ስድስት ጋኖች ከድንጋይ የተሠሩ መሆናቸውን አጥኚው በአድናቆት መዝግቧል። ከላስቲክ ቢሆኑ ኖሮ አሳዳሪው የሚናገረው ሌላ ነበር።)

ለምን ላስቲክ? ሽታ የሚሸከሙት ውህዶች አብዛኞቹ ከውሃ ይልቅ ከቅባትና ከላስቲክ ጋር ይስማማሉ። አንዴ ግድግዳው ውስጥ ከሰረጉ ላይ ላዩን በሳሙና ቢታጠብ አይወጡም፤ ጊዜ ጠብቀው ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ይመለሳሉ። ዘይት በነበረበት ቢጫ ጀሪካን ውሃ የቀዳ ሁሉ ይህን ያለ ኬሚስትሪ ያውቀዋል። ጀሪካን ራሱ የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለነዳጅ ያሠራው የ20 ሊትር ቆርቆሮ ነበር፤ እንግሊዞች ጀርመኖችን በቅጽል "ጄሪ" ስለሚሏቸው ስሙ በዚያው ጸና። እኛ ዘንድ ነዳጁም ተደፋ፣ ቆርቆሮውም ላስቲክ ሆነ፤ ጀርመኑ ግን ዛሬም በየቧንቧው ሥር ወረፋ ይዞ ይታያል።

የጀሪካን አስተጣጠብ የራሱ ትምህርት አለው፦ ጥቂት ጠጠር፣ እፍኝ አሸዋ፣ ኦሞ፣ ከዚያ ክንድ እስኪዝል መነቅነቅ። አጥኚው ይህን በስልቻው ላይ ሞክሮ ሶፋው ላይ የአሸዋ ድምፅ ከመጨመር በቀር ያተረፈው የለም። የስልቻው ግድግዳ ስስ ነው፤ ጠጠር ይጭረዋል፤ ጭረቱም ለጀርም የጎን ቤት ይሆናል። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንጂ ስልቻ በጠጠር አይታጠብም።

ቀጥሎ የተፈጸመውን አጥኚው በኃፍረት ይዘግባል። ሶፋውን ለማሸነፍ ሲል የብርቱካን ዱቄት ጁስ በውሃው ጨመረ፤ ማለትም ሶፋው ላይ ጁስ ደፋ። ከየረር ሲመለስ ስልቻውን ቁምሳጥን ላይ ወርውሮ ለአምስት ሳምንት ረሳው። ሲያወርደው ቱቦው ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ተሰልፈው ነበር። መጀመሪያ የፋብሪካው ጌጥ መስለውት ነበር። በጣቱ ሲዳስስ ልጋግ ሆኑ። ስኳር፣ እርጥበትና ጨለማ አንድ ላይ ከተገኙ ሻጋታ ግብዣ አይጠብቅም።

የታወቀው መድኃኒት ቤኪንግ ሶዳ ነው፦ ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ግማሽ ሰዓት፤ ጡቱን ጨመቅ እያደረጉ ቱቦውም እንዲሞላ ማድረግ። ሎሚም ይረዳል፤ ግን በየተራ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የጨመረ ሰው ደስ የሚል አረፋ ያያል፤ አረፋው ሲያልቅ አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ተጠፋፍተው ሽታው በታዛቢነት እንደቆመ ይገኛል። በረኪና ጥቂት ጠብታ ሻጋታን ይገድላል፤ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ግን መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ አጥኚው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ አይቀልድም። የፈላ ውሃም ስልቻውን ያጣምመዋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከፍታችን ለስልቻው የስምንት ዲግሪ ምሕረት ያደርጋል፤ አይበቃም። ለቱቦው የሚሆን ቀጭን ብሩሽ ስላልተገኘ አጥኚው አያቱ ምንሽራቸውን ሲወለውሉ እንዳየው በሲባጎ ጫፍ ላይ ጨርቅ ቋጥሮ ከወዲህ ወዲያ ጎተተው። ጨርቁ የወጣበትን ቀለም መግለጽ የዚህ ጥናት ወሰን አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማድረቅ ነው። ስልቻው አፉ ተከፍቶ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል፤ ግድግዳዎቹ እንዳይጣበቁ ውስጡ ማማሰያ ይገባበታል። ማድረቅ የሰለቸው ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ቅዝቃዜው ሻጋታን አይገድልም፣ እንዳያድግ ግን ይይዘዋል። ምክሩ ትክክል ነው። መካሪዎቹ ያላሰቡት የኢትዮጵያ ፍሪዘር በዐቢይ ጾም ምን እንደሚይዝ ነው። በአጥኚው ፍሪዘር ለፋሲካ የተቀመጠ አምስት ኪሎ ንጥር ቅቤ ነበር፤ ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱ፣ ከአብሹ ጋር። ላስቲክ ቅባት ይወዳል ብለናል።

ሁለተኛው የመስክ ምልከታ በዚያው ጾም፣ አንድ እሑድ ተካሄደ። የአንድ የጉዞ ጓደኛው ሃይላንድ ባዶ ቀርቶ ነበርና (ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ የማንኛውም የላስቲክ ጠርሙስ ስም ነው) አጥኚው ጡቱን አቀበለው። ጓደኛው ሳበና ቆመ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ውሃ።"

"ቅቤ ቅቤ ይላል እኮ።"

"ፍሪዘር ውስጥ ነበር።"

ጓደኛው የያዘውን በጥንቃቄ ሳሩ ላይ ተፋና ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ። "ሁዳዴ ነው፣ ወንድሜ" አለ። ውሃ ፍስክ ሆኖ ሲገኝ አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ የመጀመሪያው ነው። ስለ ጉዳዩ የንስሐ አባቱን ለመጠየቅ አስቦ፣ ጥያቄውን በምን ቃል እንደሚጀምረው ስለቸገረው ትቶታል።

ጥናቱ አቅጣጫ የቀየረው በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ አክስቱ ቤት ነው። አክስቱ ለፋሲካ ጠላ ሊጠምቁ ጋኑን በግራዋ እያሹ ነበር። ስልቻውን በሁለት ጣት ተቀበሉ፣ አፉን ከፍተው አሸተቱ፣ ፊታቸውን አዞሩ።

"ይሄን ሳይታጠን ነው የምትጠጣበት?"

"እትዬ፣ እኛ የምንፈልገው ምንም ሽታ እንዳይኖረው ነው።"

"ምንም የማይሸትማ ምኑን ዕቃ ሆነ? ምን እንደሚሸት መምረጥ ነው እንጂ!"

አጥኚው ማስታወሻውን አወጣ። በስልቻ ላይ የተነገረው ምክር ሁሉ፣ ሶዳው፣ ሎሚው፣ በረኪናው፣ ሽታን ስለ ማጥፋት ነው። ጋን የሚያጥኑ እናቶች ግን ማንም ሽታ ሲያጠፋ አይተው አያውቁም፤ ሽታ በሌላ ሽታ ሲሻር ነው የሚያውቁት፣ ልክ እንደ ሹመት። ግራዋ ምሬቱን ይዞ የድሮውን ያስለቅቃል፤ ወይራ ይሾማል። የወይራ ጭስ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉት ውህዶች ባክቴሪያን ስለሚያዳክሙ ሹመቱ ለወጉ ብቻ አይደለም፤ የወተቱ ዕቃም፣ የጠላው ጋንም የሚታጠነው በከንቱ አይደለም። ሸክላ ደግሞ ቀዳዳ ብዙ ነውና ጭሱን ውጦ ያስቀምጠዋል።

አክስቱ ስልቻውን በግራዋ አሹት። ከዚያ የወይራ ፍም በገል አድርገው፣ ለጋን እንደሚደረገው አፉን ወደ ታች ደፍተው ከጭሱ በላይ ያዙት። ጋን እሳት ያየ ዕቃ ስለሆነ አይደነግጥም። ስልቻው ግን በአንድ ጥጉ ቆዳ ፍም ሲነካው እንደሚያደርገው ጭምትር አለ። "አይ፣ ይሄስ ሥራ ፈት ነው" አሉ አክስቱ፤ ፍሙን ገፋ አድርገው ቀጠሉ።

ውጤቱ ያለ አድልዎ ይገለጻል። ሶፋው ጠፍቷል። ብርቱካኑ ጠፍቷል። ቅቤው እንኳ ለቋል። ከጉሮሮ ኋላ የሚቀር የወይራ ጭስና ትንሽ የግራዋ ምሬት ብቻ አለ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከዚህ ስልቻ ከተጠጣው ሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው። የጥናቱ ውስንነት በተጨማተረው ጥግ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ሽንቁር መከፈቷ ነው።

አጥኚው የሽንቁሩን መጠን ለመለካት ስልቻውን ሞልቶ የቤቱ ግቢ ውስጥ ባለው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በሁለት መቆንጠጫ ሰቀለው። ቱቦው በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ወደ ውስጥ ተንጠለጠለ። ውሃው ከሥሩ ወዳለው የጤና አዳም ማሰሮ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር፤ በደቂቃ አሥራ አንድ ጠብታ። አጥኚው ጋቢውን ደርቦ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር በአጥሩ በኩል የጎረቤት ራስ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

ማምሻውን በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቲቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሌሎች እድርተኞች አስከትለው ገቡ። "ግሉኮሱን በአጥር አየሁት፤ ለእኛ ሳይነገረን!" ብለው ግንባሩን በእጃቸው ዳሰሱና አንድ ኪሎ ብርቱካን በፌስታል አልጋው ራስጌ አስቀመጡ። አጥኚው ስለ ቴክሳስ፣ ስለ ብስክሌቱና ስለ ካልሲው ማስረዳት ሲጀምር ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዷ "ትኩሳቱ ገና አለቀቀውም" አለች። ለጥናቱ ይጠቅም የነበረው ሎሚ መሆኑን አጥኚው ሳይናገር ቀረ።