መርዶ ነጋሪው ሳይደርስ

በአገራችን ወግ ክፉ ወሬ የራሱ ሰዓት አለው። እናቱ ወይም አባቱ የሞተበትን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የሚነግረው የለም። ቤተ ዘመድ አስቀድሞ ይመክራል። የንስሐ አባት ይጠራሉ፤ አንደበታቸው የተገራ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሐዘንተኛዋ ብትወድቅ የምትደግፋት ጠንካራ ሴትም አትረሳም። ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሩ ይንኳኳል። በዚያ ሰዓት ነጠላ ያጣፉ ሰዎች በር ላይ ሲታዩ አንድ ቃል ሳይነገር ነገሩ ይገባል። የሚገባው ግን ሰው መሀል ሆኖ ነው። ያንን ሁሉ መመካከርና መደባበቅ የማከብረው ለዚህ ነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አገር ቤት ሲገባ ይህን ወግ አልነካውም፤ እንዲያውም አገዘው። ደሴ ያለ ወንድም አዲስ አበባ ካለች አክስቱ ጋር ተደዋውሎ ‹‹እስከ ቅዳሜ እንዳይሰማ›› ይባባላል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ በቆየ ጊዜ ደግሞ ያለን ድምፅ ብቻ ነበር። በድምፅ ሲሆን የምታናግረው ሰው ታክሲ ውስጥ ይሁን ደረጃ እየወጣ፣ ብቻውን ይሁን ከሰው ጋር፣ ይሰማሃል። አፍህ ላይ የደረሰውን ቃል መልሰህ ትውጠዋለህ።

ስማርት ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ ሲገናኙ ነው ነገሩ የተለወጠው። ይህን ስል ስልኩን ጠልቼው አይደለም። ልጇ ቤሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ እናት በኢሞ የልጇን ፊት አይታ፣ መክሳቷንም መወፈሯንም በዓይኗ አረጋግጣ እፎይ ስትል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ደብዳቤና የካሴት ድምፅ በሰው እጅ እየላክን ላደግን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

ባለፈው ክረምት አጎቴ ሐሙስ ማታ አረፉ። ልጃቸው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፤ የአጎቴ ልጅ ብትሆንም ከአንድ ማዕድ በልተን ስላደግን እህቴ ነው የምላት። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ስልኳን የሠራተኛ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነው የምትገባው። ቤተ ዘመድ መክሮ ቀብሩ ዓርብ 9 ሰዓት እንዲሆን፣ መርዶው ደግሞ ቅዳሜ፣ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ፣ እዚያ ጎህ ሲቀድ እንዲነገራት ተወሰነ። የልብ ጓደኛዋና የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ካህን ለዚህ ተዘጋጁ።

ዓርብ ረፋድ፣ 5 ሰዓት አካባቢ፣ ድንኳን ውስጥ አንዲት ዘመዳችን መጥታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። የአጎቴ ፎቶ ነው፤ ጎኑ ላይ የበራ ሻማ፣ ከሥሩ ‹‹ጋሼ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን›› የሚል ጽሑፍ። የለጠፈው ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ የእህታቸው ልጅ ነው። ታግ ካደረጋቸው ዘመዶች መካከል የልጃቸው ስም አለ።

በዚያ ወቅት ከቨርጂኒያ ጋር ያለን ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። እሷ ከሥራ የምትወጣው እዚያ ጠዋት 1 ሰዓት፣ እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ቁም ሳጥኑ እስኪከፈት ሦስት ሰዓት አለን ማለት ነው። ለልጁ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ወንበር ሊያስጭን ዕድር ቤት ሄዷል አሉኝ። ባጃጅ ይዤ ዕድር ቤት ስደርስ ከአይሱዙው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር አካፋ ይዞ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። በእኔ ስልክ ገብቶ እንዳያጠፋው የይለፍ ቃሉን አያስታውስም፤ ልቀይረው ቢል ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው እዚያው የሞተው ስልክ ላይ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት መብራት ጠፍቶበታል። በመጨረሻ ጧፍና ሻማ የሚሸጥ ልጅ ፓወር ባንኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠን፤ ገንዘብ ብንዘረጋለትም እንቢ አለ። ስልኩ ተነሥቶ፣ ኔትወርክ ፈልጎ፣ ገጹ እስኪከፈት ቆመን ጠበቅን። 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጽሑፉ ጠፋ።

ቀድሞ የያዘው ሰው ግን ነበር። ጽሑፉ ቢጠፋም ስክሪንሹቱ አይጠፋም፤ ከሰው ልብ ውስጥማ ማን ያወጣዋል? እህቴ ከፈረቃዋ ወጥታ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ስልኳ ላይ የጠበቃት ለዓመታት አግኝታው የማታውቅ፣ ዱባይ የሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዋ የላከው መልእክት ነው፦ ‹‹በርቺ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ።›› ከእንቅልፏ ቀስቅሰን የላክናት ጓደኛዋ ስትደርስ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘቻት። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ቀበቶ አስራለች፣ ሞተሩ ተነሥቷል፣ መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ስልኩን አሳየቻትና ‹‹እውነት ነው?›› አለቻት።

ልጁን አልተቀየምኩትም። አጎቱን ይወድ ነበር፤ የዱባዩም ሰው የጻፈው ማጽናኛ ነው። ያሳሰበኝ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቹ አሠራር ነው። ሰው የተሰበሰበበትን ጽሑፍ ወደ ላይ ማውጣት ነው ሥራቸው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ዘመድና ወዳጅ የሚነጋገርበትን ጽሑፍ ይበልጥ እንደሚያስቀድም አስታውቆ ነበር። ለሠርግና ለምርቃት ፎቶ መልካም ነው። ለቅሶ ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ‹‹ነፍስ ይማር›› ጽሑፉን ወደፊት ይገፋዋል፤ ለሟች በቀረብክ መጠን ቶሎ ያገኝሃል። የእኛ ወግ የቅርቡ ሰው በመጨረሻ፣ ተደግፎ እንዲሰማ የሚደክመውን ያህል ይኸኛው የቅርቡን ሰው ያስቀድማል። የሟችን ገጽ ወደ መታሰቢያነት መለወጥ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለ ገጹን የሚረከብለት ወዳጅ መሰየም ይችላል። ስለ ሟቹ ገጽ ይህን ያህል ሲታሰብ፣ ገና ስላልሰማችው ልጅ ያሰበ ግን ያለ አይመስለኝም።

የዚያን ቀን እህቴ ከሰማች አንድ ሰዓት ቆይቶ ቀብሩ ደረሰ። እህቴ በጓደኛዋ ቤት፣ ካህኑና ሌሎች የመጡላት ሰዎች መሀል ተቀምጣ በቪዲዮ ተከታተለችው። እዚህ ስልኩን የያዘው ያው ልጅ ነበር፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ እስከ መጨረሻው ይዞላታል። ፍትሐቱን ሰማች፤ አፈሩ ሲመለስ አየች፤ ጮኻም አለቀሰች፤ እዚያ ያሉት ያዟት። ያን ጊዜ ስልኩን አመሰገንኩት።

ከአርባው በኋላ የዕድራችን ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሣሁ። ዕድሩ እንደ ድሮው ጡሩምባ ቢያስነፋም የቴሌግራም ቡድንም አለው፤ አሁን ቤተ ዘመድ መርዶው ተነግሯል ሳይል የሟች ስምም ፎቶም እዚያ እንዳይለጠፍ ተስማምተናል። ከቡድኑ ውጭ ያለውን ሰው ማንም አይዘውም፤ ቢሆንም የሰፈሩ ወጣቶች ነገሩን ያዙት፤ አንዳንዶቹ ለዘመዶቻቸውም ይናገራሉ።

እህቴ ግን ከእኔ ጋር አልተስማማችም። ‹‹እኔን የጎዳኝ በስልክ መስማቴ አይደለም›› አለችኝ። ‹‹እናንተ ሁላችሁ እያወቃችሁ እኔ ሌሊቱን የሰው አባት ሳገላብጥ ማደሬ ነው። ለእናቴ ጊዜ አንተው ደውልልኝ። ሰው አትላክ፣ ቅዳሜም አትጠብቅ።››

ሐዘኗ ገብቶኛል፤ እሺ ማለት ግን አልቻልኩም። እዚያ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስልኩን ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? መኪና እየነዳች ቢሆንስ? አስቤ አስቤ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ቅዳሜን አልጠብቅም፣ ቀድሜ ግን ለጓደኛዋ እደውላለሁ፤ እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ያኔ ለእህቴ ራሴ እነግራታለሁ። ይህን ስነግራት ‹‹እሷን በር ላይ ሳያት አውቀው የለም ወይ?›› አለችኝ። ትወቀው። ስልኬን የምታነሣው ግን ጓደኛዋ አጠገቧ ቆማ ነው።