ጋን በወይራ፣ ማሽን በምን?

ኢሊኖይ ውስጥ ሼልቢቪል በምትባል ከተማ ጆሴፊን ኮክራን የምትባል ባለጸጋ ሴት ነበረች። ሠራተኞቿ ውድ ሳህኖቿን እያጠቡ ሲሸራርፉባት ቢመራት፣ ዕቃ የሚያጥብ ማሽን ሠርታ በ1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች። በ1893 ቺካጎ ላይ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን አሳየችው፤ ሆቴሎችም ገዙት። ሴትዮዋ ሰው ብታጣ ማሽን አመነች። የኔ ባለቤት ደግሞ ማሽኑንም አታምንም።

ሳህኑን መጀመሪያ ሲንኩ ውስጥ በስፖንጅ ትፈትገዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፣ ወደ አምፖሉ አንስታ ትመረምረዋለች። ዲሽ ዋሸሩ ውስጥ የምትደረድረው ከዚያ በኋላ ነው። «ታጥቦ አለቀ እኮ፣ ምን ቀረው?» ስላት፣ «አንተ ደግሞ! በቆሻሻ ዕቃ ማሽኑን ላበላሸው?» ትለኛለች።

ታዲያ ይኼ ከንጹሕ ዕቃ በቀር ቀምሶ የማያውቅ ማሽን መሽተት ጀመረ። በሩን የከፈተ ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ብርጭቆው ጭጋግ ለብሶ ይወጣል፤ ሳህኑ ላይ ጣት ሲያርፍ ቅቤ ቅቤ ይላል። ባለቤቴ ሳሙናውን እጥፍ አደረገችው፤ እኔ ሎሚ ጨመቅሁበት። ሽታው አልሄደም፤ ሎሚ ተጨመረበት እንጂ።

በዚህ መሐል አማቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን ቨርጂኒያ መጡ። ገና የጉዞው ድካም ሳይለቃቸው የማሽኑን በር ከፈት አድርገው አሸተቱና ፍርዳቸውን ሰጡ፦

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ጋን ነው። ጋን በግራዋ ታሽቶ በወይራ ካልታጠነ ይሸታል።»

«እማማ፣ ይኼ እኮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው።»

«ኤሌክትሪክ አይሸትም ያለህ ማነው?»

መልስ አጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወጣ ብዬ ስመለስ የሕንፃችን ነዋሪ በሙሉ በፒጃማና በነጠላ ጫማ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሟል። የእሳት አደጋ መኪናው ቀይ መብራቱን ያሽከረክራል። አማቴ ከበርበሬው ጋር ሸክፈው ያመጡትን ወይራ መጥበሻ ላይ አቀጣጥለው፣ ማሽኑ ውስጥ አስቀምጠው፣ በሩን ገርበብ አድርገውበታል። የጢሱ ደወል ወግ ማዕረግ አያውቅም፤ ጮኸ። ባለቤቴ አፍራ ነጠላዋን ተከናንባለች። አማቴ ግን የራስ ቁር ለደፋው ግዙፍ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ሰውዬው ማሽኑን ከፍቶ አየ፣ አሸተተ፣ «ደስ የሚል ጠረን ነው» ብሎ ሳቀ። አማቴ ስተረጉምላቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «አላልኩህም?» አሉ።

ወይራው ሲበርድ ሽታው ተመልሶ ከች አለ።

ሰኞ የሕንፃው ጽሕፈት ቤት፣ በሆነው ነገር ደንግጦ ይመስለኛል፣ የጥገና ሠራተኛ ላከልን። ዕድሜው የገፋ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። ብዙ አልተናገረም። የታችኛውን መደርደሪያ ጎትቶ አወጣ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ክብ ማጣሪያ ጠምዝዞ ነቀለና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ግራጫ ዝቃጭ ነው፦ የሟሟ እንጀራ፣ የበርበሬ ደቃቅ፣ የረጋ ቅቤ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የኮረሪማ ቅርፊት።

«እኛ እኮ አጥበን ነው የምንከተው!» አለች ባለቤቴ፣ ልትጣላው ደርሳ።

ሰውዬው መልስ ሳይሰጥ የሲንኩን ሥር ቁም ሣጥን ከፈተ። የማሽኑ የቆሻሻ ውኃ ጎማ ወለሉ ላይ ተዘርፍጧል። ሲገጠም ከጠረጴዛው ሥር ከፍ ብሎ መታሰር ነበረበት፤ ካልታሰረ ሲንኩ ውስጥ የፈሰሰው ውኃ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ባለቤቴ ከሳህኑ ላይ የምታጥበው ወጥ ሁሉ፣ በፊት ለፊት ተባርሮ በጓሮ ይገባ ነበር ማለት ነው።

ጎማውን ከፍ አድርጎ አሰረው፤ ማጣሪያውን በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈተገው፤ ውኃ የሚረጩትን ክንፎች ቀዳዳ በስቴኪኒ ወጋጋው። የበሩ ጎማ እጥፋት ሥር ያለውንም ጥቁር ነገር በጨርቅ ጠረገው። ከዚያ ትምህርቱን አስከተለ። ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት የሲንኩን ሙቅ ውኃ እስኪግል አፍስሱ አለ፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚገባው ቧንቧ ውስጥ የቀዘቀዘው ነው። ወደ 120 ዲግሪ ፋራናይት ካልደረሰ ቅቤ የት ሊለቅ! ባዶውን ማሽን አንድ ኩባያ ነጭ ኮምጣጤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አቁማችሁ በሙቅ ውኃ አሠሩት፤ ግን ከበረኪና ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ለጭጋጉ ደግሞ ማለቅለቂያ ፈሳሹን ሙሉ፤ ከ2010 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከማሽን ሳሙናው ፎስፌት ስለወጣ፣ ውኃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ማዕድኑ ብርጭቆ ላይ ይቀራል።

ባለቤቴን ያናደዳት የመጨረሻው ነው፦ ፍርፋሪውን ጠርጋችሁ ጣሉ እንጂ አትጠቡት። ሳሙናው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የሚበሉት እንጀራና ሥጋ ይፈልጋሉ፤ አዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ውኃው ምን ያህል እንደደፈረሰ የሚለካ መሣሪያ አላቸው። ንጹሕ ዕቃ ካገኙ ሥራ የለም ብለው በአጭሩ ይገላገላሉ።

ሽታው ጠፋ። አማቴ ወይራው ዘግይቶ ሠራ ይላሉ፤ አልተከራከርኳቸውም። እኔም በዘመድ አዝማድ ዘንድ የዲሽ ዋሸር ሐኪም ተብዬ ስሜ ወጣ። በቀደም ሜሪላንድ ያለ ጓደኛዬ «የኛም ይሸታል፣ ና እየው» ብሎ ጠራኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ በሩን ብከፍተው፣ የአጠቃቀም መመሪያው ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ከሥሩ ትሪ፣ መጥበሻ፣ ከመጥበሻው ኋላ ክዳኑ የላላ የቅቤ ባልዲ። ቀና ብዬ ሚስቱን አየኋት።

«ስንት ጊዜ አሠራችሁት?»

«ኧረ ንክች አላደረግነውም!» አለች፣ ኮራ ብላ። «እንዳይበላሽ ብለን።»