መስቀል ወጣ እንጂ ክረምት መች ወጣ

ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በደጀን በኩል ዳገቱን ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አልፎ፣ ጎንደርም አድሮ፣ እስከ ደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ የሚደክመው የገዛ ቤቱን ጣሪያ ትቶ በሸራ ሥር ለመተኛት መሆኑን ለስሜን ገበሬ ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም። እኛ ያነጋገርነው አንድ ሽማግሌ ነገሩን በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምነው፣ ቤታችሁን እሳት በላው?» ሲል በእውነተኛ ኀዘኔታ ጠየቀን።

የጉዞው ሐሳብ የባልንጀራዬ ነበር። ባልንጀራዬ ዕድሜውን በመሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል ያሳለፈ ሰው ስለ ሆነ፣ ሰማይና ምድርም በጊዜ ሰሌዳ ቢተዳደሩ የሚወድ ነው፤ የሚነሣበትን፣ የሚያድርበትን፣ ቡና የሚጠጣበትን ሰዓት ሳይቀር በሠንጠረዥ አሰናድቶ፣ ከግርጌው «መስቀል ከወጣ ወዲያ ዝናም የለም» የሚል ማስታወሻ ጽፎበታል።

መስከረም 21 ቀን፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሳንቃበር ድንኳናችንን ተክለን ባደርንበት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ መጀመሪያ ነጐድጓድ፣ ቀጥሎ ጉም፣ ከጉሙም ኋላ ኖኅን የሚያሳስብ ዝናም ወረደ። ድንኳን የሚዘረጋ ሰው ካስማውን እንዲያጸና ነቢዩ ኢሳይያስ መምከሩን ከመካከላችን ማታ ያስታወሰ ስላልነበረ፣ ነፋሱ ካስማዎቹን እየነቀለ፣ አውታሮቹን እያፏጨ፣ እርጥቡን ሸራ በፊታችን ላይ ያለብሰን ጀመር። ባልንጀራዬ ሠንጠረዡን ይዞ ብቅ ሲል፣ ከደባርቅ ተመድቦልን የመጣው የፓርኩ ጠባቂ ገሣውን ደርቦ፣ ጠመንጃውንም ከገሣው ሥር ሸሽጎ ቆሞ አገኘው፤ የሰማይ እንደራሴ የሆነ ይመስል፣ «አያ፣ መስቀል ወጥቶ የለም እንዴ?» ሲል ወቀሰው።

«መስቀል ወጣ እንጂ ክረምት መች ወጣ፣ ጌታው? ክረምት የሚወጣው በ25 ነው። ገና አራት ቀን አለው።»

ጠባቂው በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ኖሮ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል፤ ከዘርዐ ደመና ጀምሮ እየተከፋፈለ ሲወርድ፣ ከ17 እስከ 25 ያሉት ዕለታት ዘመነ መስቀል ተብለው የክረምቱ መጨረሻ ሆነው ይቈጠራሉ። እንግዲህ የከተማ ሰው የዝናም ተዝካር አድርጎ የሚያከብረው መስቀል፣ በሊቃውንቱ ቍጥር ሟቹ ገና በሕይወት ሳለ የሚውል በዓል ነው። ባልንጀራዬ ቃል ብቻ የሚያሳምነው ሰው አይደለምና «ይህ በጽሑፍ አለ?» ብሎ ጠየቀ። «በግዕዝ አለ» ቢለው ዝም አለ።

ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ ደግሞ ሌላ ፈተና አመጣ። ዝናሙ ማገዶውን ስላረሰው፣ ምድጃ ሳይሻ የሚበላ ስንቅ የቀረን ሰርዲን ብቻ ነበር፤ ሾፌራችን ግን በጾም ቀን ዓሣ የማይነካ ጽኑ ሰው ነው። ዓሣ ይገድፋል አይገድፍም የሚለው ክርክር በሀገራችን በደረቅ ቤት ውስጥ እንኳ ተፈጽሞ የማያውቅ ሲሆን፣ በሚያፈስ ድንኳን ይፈጸማል ማለት ከንቱ ተስፋ ነበር። ባልንጀራዬ ቅዱስ ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ እንደ ነበር በማስታወስ ነገሩን ሲከፍት፣ ሾፌሩ ቀበል አድርጎ፣ «መረቡን ጥሎ ተከተለ እንጂ በቆርቆሮ አሽጎ አልተከተለም» ብሎ ዘጋው። ጠባቂው እንዲዳኘን ብንለምነው፣ «እኔ የተቀጠርሁት ለዋልያ ነው፤ ዓሣ አይመለከተኝም» ብሎ ከዳኝነቱ ራሱን አገለለ፤ ሰርዲኑን ግን እያየ ነው። ወዲያው የድንኳኑ ጣሪያ በሾፌሩ ማጅራት ላይ ያንጠባጥብ ጀመርና፣ ባልንጀራዬ ሊያጽናናው ፈልጎ፣ ይህ ስፍራ ከላሊበላ ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከገቡት 12 ስፍራዎች አንዱ መሆኑን ነገረው። ሾፌሩ ማጅራቱን እየጠረገ፣ «መዝጋቢዎቹ በበጋ መጥተው መሆን አለበት» አለ።

ከቀትር በኋላ ጉሙ ሳሳ ሲል ጭላዳዎቹ ታዩን። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙት እነዚህ ፍጥረታት ሌሊቱን በገደሉ እርከን ላይ አሳልፈው ወደ ሜዳው ወጥተዋል፤ ወንዶቹ እንደ ደጃዝማች ለምድ ከትከሻቸው የወረደውን ጸጉራቸውን ዝናሙ እየደበደበው፣ ቁጭ ብለው ያለ አንዳች ኀፍረት ሣራቸውን ይነጫሉ። ምግባቸው ይበልጡን ሣር ነውና ረቡዕና ዓርብ አያከራክራቸውም፤ ካስማም የላቸው። ባልንጀራዬ ብዙ ጊዜ ተመለከታቸው፤ በፊቱ ላይ ያነበብሁት ግን አድናቆት ሳይሆን ቅናት ነበር።

ወደ ማታ ዝናሙ አባራ። ደረቅ ሳለ አንድ ሰው በትከሻው የሚያነሣው ድንኳን ርሶ ለበቅሎም የሚከብድ ሆነ፤ ወደ ከረጢቱ ለመመለስ ሦስት ሰዎች ተንበርክከንበት እንኳ እንቢ አለ። ባልንጀራዬ ሠንጠረዡን በእሳቱ ዳር ካደረቀ በኋላ፣ ወደ ቀጣዩ ሰፈር፣ ወደ ግጭ፣ የምናደርገውን ጉዞ ሰርዞ በ26 ጻፈና፣ በተሸነፈ ሰው ትሕትና ጠባቂውን፣

«አያ፣ እንግዲህ ከ26 ወዲያ ስጋት የለም?» አለው።

«ዝናም? የለም፣ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲያ የሚገባው ውርጭ ነው።»

ባልንጀራዬ እርሳሱን አነሣና፣ «እሱስ ስንት ቀን ይወጣል?» አለ።