ፒዛው ሪፖርት ይቀበልልን

ስምንት ታካሚ አልረከብም ብላ ቅጽ የሞላችውን የሥራ ጓደኛዬን አለቆቻችን «ለባልደረቦቿ የማታስብ» ማለታቸው ሲያንሳት ነው። «ለዛሬ ብቻ» ተብላ ተለምና እምቢ! እኔ ራሴ ዳላስ ውስጥ ይህችኑ «ዛሬ» ስሠራት ዓመታት አለፉ፤ አልነጋ አለች እንጂ።

ጥፋቱ የቴክሳስ ነው። ሴፍ ሃርበር የሚባል ሕግ አውጥታ አባለገችን። ነርሷ ድልድሉ ታካሚን ይጎዳል ብላ ካመነች ከመረከቧ በፊት በጽሑፍ ታስመዘግባለች፤ ጉዳዩን የሙያ አጋሮቿ ኮሚቴ ያየዋል፤ በዚህ ሰበብ ልትቀጣም አይገባም። ቅጹን ስትጠይቂ ግን የማናጀሯን ፊት ማየት ነው።

ደግሞ መች ባዶ እጃችንን ተዉን? ሰው በጎደለ ሌሊት ፒዛ ይመጣል። ሁለት ነርስ ጎደለ፣ ስድስት ካርቶን መጣ፤ በአራት አተረፍን። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ብሬክ ክፍል ማስቀመጥ ግፍ ነው። ባጅ ይሠራለትና ሪፖርት ይቀበል። ሽንት ቤት ውሰዱኝ እያሉ ደወሉን የማይለቁትን የ12 ቁጥሩን አዛውንት ለባለ እንጉዳዩ እንስጠው። ኢንሱሊን ሁለት ሰው ካላየው አይሰጥምና ለ14 ቁጥር ሁለት ቁራጭ ይመደብ። ደም ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ ከታካሚው አጠገብ መራቅ አይቻልም፤ ፒዛ እንደሆነ ካስቀመጡት ንቅንቅ አይል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደርቆ ይገኛል፤ እኛስ ምን ቀረን? ረቡዕና ዓርብ የምንጾመው ባለ አይቡ ስለማይሆነን በጸሎት ብቻ እንሠራለን። ፒዛ ብሬክ አይጠይቅም፣ ወገቤን አይልም፣ ቅጽ አይሞላም። የዓመቱ ምርጥ ነርስ ተብሎ ፎቶው ሊፍቱ አጠገብ ቢሰቀል ማን ይቃወማል?

ካሊፎርኒያማ ቅንጦተኛ ናት፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥሩን በሕግ አስራ፣ ዛሬ በተራው የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ዋርድ ለአንዲት ነርስ ከአምስት በላይ፣ በጽኑ ሕሙማን ከሁለት በላይ አይሰጥም። ተመራማሪዋ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿም በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በፔንሲልቬኒያ ሆስፒታሎች ለአንዲት ነርስ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ለ7 በመቶ ይህ ሁሉ ጩኸት?

አለቆቻችን በቁጥር የሚያውቋቸውን ሰዎች ግን እኔ በስም አውቃቸዋለሁ። ስድስተኛው ክፍል ሆኜ የስምንተኛው ሞኒተር ሲጮህ የምሮጠው እኔ ነኝ።

ይባስ ብለው ጓደኛዬን «ታካሚ ጥላ ሄደች» ሊሏት ቃጥቷቸዋል። ታካሚ መጣል ማለት ተረክቦ፣ ለማንም ሳያስረክቡ መሄድ ነው፤ ሪፖርት ያልተቀበለች ነርስ የጣለችው የለም። የጣሉትስ ሰው ሳይቀጥሩ አልጋውን የሞሉት ናቸው።

ለነገ ማታም ሰው ጎድሏል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገብቷል። ቅጹ ላይ ስሜንና ቀኑን ከቤት ሞልቼ እሄዳለሁ።