«ይለምዳል» የተባለው ፓልም

ከችግኝ ሻጮቻችን አፍ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «ይለምዳል»። ይህ ቀይ ፓልም ብርድ ይችላል ወይ? ይለምዳል። የእኛ ግቢ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው፣ ይስማማዋል? ይለምዳል። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱንስ እንዴት ያደርገዋል? ይለምዳል፣ ምንም አይልም። እኛም ቃሏን አምነን ገንዘባችንን እንቆጥራለን። ጥቁሩን ላስቲክ አቅፈን፣ ቅጠሉ የሰው ዓይን እንዳይወጋ ወደ ሚኒባሱ ጣሪያ ቀና አድርገን፣ ረዳቱ «ለዕቃው ይከፈላል» ሲለን ለእሱም ከፍለን ቤታችን እንገባለን። ከዚያ ኅዳር ይመጣል።

ይህን የምለው አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ግቢ ስላለን፣ ግቢ ባይኖረን በረንዳ ስላለን፣ በረንዳም ባይኖረን መስኮት ሥር ሁለት ጣሳ አፈር ሞልተን ስላስቀመጥን ሰዎች ነው። ቀለም እንወዳለን። አረንጓዴ ብቻውን አያጠግበንም፤ ግንዱ የቀላ ፓልም፣ ቅጠሉ ብርማ ሰማያዊ የሆነ ፓልም፣ ቢጫና ብርቱካንማ የተረጨበት ክሮተን ስናይ እግራችን ይቆማል። ይህ ጥፋት አይደለም። የሚያንገበግበን ስለምንገዛው ተክል የሚጠቅም አንድ ነገር ሳይነገረን መግዛታችን ነው። አገሩ የት ነው? ምን ያህል ያድጋል? ምን ያህል ብርድ ይችላል? ሦስት ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አንድ ነው፤ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ከቀዩ ፓልም ልጀምር። አንገቱና የቅጠሉ ዘንግ ሊፒስቲክ የተቀባ ስለሚመስል በውጭ አገርም የሊፒስቲክ ፓልም የሚል ስም ወጥቶለታል። አገሩ ማሌዢያ፣ ሱማትራና ቦርኒዮ ነው፤ ያውም ቆላው ላይ፣ ረግረጉ ውስጥ። እዚያ ሥሩ ውሃ አጥቶ አያውቅም፣ ሌሊቱም ሞቃት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 8 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ አንዳንድ ሌሊት ከዚያም በታች። እኛ በብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርበን የምንተኛበት ሌሊት ነው። ያ የረግረግ ልጅ ግን ደጅ ያድራል።

የእኔን ልንገራችሁ። ግንቦት ላይ ገዝቼ በሩ አጠገብ ተከልኩት። ክረምቱን ቆመ፤ አላደገም፣ ግን ቆመ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ላይ ሻይ የተፈናጠቀበት የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ነጠብጣቡ ሰፋ፣ ጫፉ ደረቀ፣ ቀዩ ደበዘዘ። ሌሊት ሌሊት ኬሻ አለበስኩት፣ ጠዋት ጠዋት ገፈፍኩለት። ታኅሣሥ ሲገባ መሐል ላይ ገና ያልተፈታውን፣ እንደ ጦር የቆመውን ቅጠል በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ባደርገው ያለ ምንም ትግል ተመዝዞ እጄ ላይ ቀረ። የታችኛው ጫፍ ቡናማ፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ የከረመ ጎመን የሚሸት ነበር። ለማያውቅ ሰው የወጣው አንድ ቅጠል ነው፣ ሌላው አለ ያሰኛል። ነገር ግን የፓልም ግንድ የሚያድግበት እምቡጥ አንድ ብቻ ነው፤ አናቱ ላይ፣ መሐል ለመሐል። እሱ ከበሰበሰ ከሥር ሌላ ግንድ ካላበቀለ በቀር አበቃ። የእኔ ገና ልጅ ነበርና አላበቀለም።

ወደ ሻጩ ተመልሼ ሄድኩ። «ውሃ አብዝተህበት ነው» አለኝ። ጎረቤቴ በዚያው ወር፣ በዚያው ብርድ ለሞተባት ፓልም «ውሃ አሳንሰሽበት ነው» ተብላለች። ብርድ የሚለውን ቃል የሚያነሳ አልተገኘም። ከየት እንደሚያመጧቸው ስንጠይቅ አንዱ ከቢሾፍቱ፣ ሌላው ከዝዋይ ይለናል። ቢሾፍቱ ከእኛ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ዝዋይ ደግሞ በ700 ሜትር ገደማ። ከዚያ ሙቀትና ከዚያ ጥላ ወጥቶ አንድ ሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ፣ በማግስቱ አስፋልት ዳር ውሃ ተረጭቶበት ሲያብለጨልጭ ነው የምናየው። ያ ማብለጭለጭ ያታለለው ሰው ብዙ ነው።

ስሙም ሌላ ጣጣ ነው። ቅጠሉ ረዘም ያለ ሁሉ «ፓልም» ነው። እንደ ማራገቢያ በሁለት ጎን የተዘረጋው የማዳጋስካር ተክል ፓልም ይባላል፤ ዝምድናው ግን ከሙዝና ከኮባ ወገን ነው፣ ነፋስ የቅጠሉን ጠርዝ እንደ ሙዝ ቅጠል ይተለትለዋል። ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሚመስለው ኮርዲላይን ፓልም ይባላል፤ አይደለም። «ሳጎ ፓልም» የሚባለው አጭሩና ጠንካራው የጃፓን ተክልም ፓልም አይደለም። የዚህ የመጨረሻው ከስም በላይ ነው፤ ተክሉ፣ በተለይ ፍሬው፣ መርዝ አለው። ውሻ ቢያኝከው ሊሞት ይችላል። ውሻ ያለበት፣ የሚድህ ሕፃን ያለበት ግቢ ስንት ነው? ይህን የሚነግረን ሻጭ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ስለ ዋጋው ግን ሁሉም ያውቃሉ።

ክሮተንን ደግሞ እንዴት አድርገን እንደምንይዘው ግራ ገብቶናል። ደጅ ስናስቀምጠው ብርዱ ቅጠሉን ያራግፈዋል፤ ጠዋት ስንወጣ ባለ ሰባት ቀለሙ ቅጠል ሥሩ ተነጥፎ ዘንጉ ራቁቱን ቆሟል። አዝነን ሳሎን ስናስገባው ብርሃን ያንሰውና አዲስ የሚያወጣው ቅጠል አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ቀለሙን የሚሰጠው ብርሃን ነውና። ደጅ ይሞታል፣ ቤት ይደበዝዛል። በብርሃን ፈንታ ሌላ ነገር ይበጀው እንደሆነ ብለን ያላፈሰስንበት የለም፤ የቡና አተላ፣ የሩዝ እጣቢ፣ የእንቁላል ቅርፊት። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ስለ ውሃ ብዙ አልናገርም፤ ሁላችንም በፈረቃ የምንኖር ነን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያስነጥስ ተነስተን ሮቶ የምንሞላ ሰዎች በ20 ሊትር ጀሪካን ፓልም ማጠጣት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገንም። ንጹሑን ውሃ ስንሳሳለት የልብስ እጣቢውን እናፈስበታለን፤ የሳሙናው ጨው አፈሩ ውስጥ ይከማችና የቅጠሉ ጫፍ እንደ ተለበለበ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በቦሌ በኩል ያለን ሰዎች ግቢያችን ጥቁር መረሬ ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው አፈር ሐምሌ ላይ ውሃውን አላሳልፍ ብሎ ጉድጓዱን ገንዳ ያደርገዋል፣ ሥሩም እዚያ ውስጥ ይታፈናል። በጋ ጥማት፣ ክረምት መታፈን። በመሐል በረዶ የጣለ ዕለት ሰፋፊው ቅጠል ሁሉ ወንፊት ይሆናል።

ይህን ሁሉ አልፎ ያደገ ፓልም ያለው ሰው ዐረፈ? አላረፈም። የሆሳዕና ሰሞን ይመጣል። ዓርብ ማታ በር ይንኳኳል። የሰፈር ልጆች ናቸው፤ «ለሆሳዕና አንድ ቅጠል ብቻ»። ቅዳሜ ጠዋት የእድር ጓደኛችን እናት ናቸው፤ «ልጄ፣ ለእኔ እንኳ ትንሽ ብትሆን ትበቃኛለች»። ለበዓል ነው፣ ለእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ማን እምቢ ይላል? እኔ አላልኩም፣ ለወደፊቱም አልልም። ችግሩ ለራስ ማሰሪያና ለጣት ቀለበት የሚፈለገው አሮጌው የጎን ቅጠል አለመሆኑ ነው። የሚፈለገው መሐል ላይ ያለው፣ ገና ያልተፈታው፣ ነጣ ብሎ የሚተጣጠፈው ለጋ ነው። የአገራችን ዘንባባ ከሥሩ እየተባዛ ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ ይህን ይችለዋል፤ ከዘመን ዘመን ሲሰጥ ኖሯል። ከውጭ የመጣው፣ አንድ ግንድ ብቻ ያለው፣ በእኛ ብርድ በዓመት የሚቆጠሩ ቅጠሎች የሚያወጣው ፓልም ግን ለጋው ሲቆረጥ ወራት ሙሉ ባዶ አናት ይዞ ይቆማል። ሰኞ ጠዋት ቆሜ ሳየው ሆዴ ይባባል። ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለሆሳዕና የሚሆነውን ዘንባባ ከእነ ስሙ ለይታችሁ ሽጡልን፣ አንዱን ለመስጠት፣ አንዱን ለዓይናችን እንተክላለን።

የተከራዮች እሮሮ ለብቻው ነው። ባዶ፣ ድንጋይ የበዛበት ግቢ እንከራያለን። ድንጋዩን ለቅመን፣ ፍግ ገዝተን፣ በአጥሩ ሥር ዙሪያውን ተክለን፣ ሦስት ዓመት አጠጥተን ግቢው ግቢ ይሆናል። አከራዩ አንድ ቀን ይመጡና ዞር ዞር ብለው ያያሉ። «እንዴት አምሮላችኋል!» ይላሉ፤ ደስ ይለናል። በሚቀጥለው ወር ኪራይ ይጨምራሉ፤ ምክንያታቸውም ግቢው ማማሩ ነው። መክፈል ሲያቅተን ዕቃችንን እንጭናለን። ቁም ሣጥኑ ይጫናል፣ ፍሪጁ ይጫናል፣ መሬት የያዘው ፓልም ግን ያለ ብዙ ሰውና ያለ ትልቅ የአፈር እቅፍ አይነሳም፤ ይቀራል። አንዲት ወዳጄ የቀድሞ ቤቷን አጥር በታክሲ ስታልፍ አንገቷን ታዞራለች። ፓልሟ ከአጥሩ በላይ ሆኗል፤ የምታየው ጫፉን ብቻ ነው።

ቁመቱን አለመንገር ያመጣውን ጉዳትም ላንሳ። ዋሺንግቶኒያ የሚባለው የሜክሲኮ ፓልም የእኛን ብርድ በደንብ ይችላል፤ በዚህ አልከሰውም። ነገር ግን ጉልበት ድረስ ሆኖ ይሸጥልንና ከ20 ሜትር በላይ እንደሚሄድ የሚነግረን የለም። አጥር ጥግ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር እንተክለዋለን። ዓመታት አልፈው ሽቦውን ሲነካ መስመር የሚያጸዱ ሰዎች መሰላል ይዘው ይመጣሉ። እነሱ ሥራቸው ነው። አናቱን እንደ ባሕር ዛፍ ቆርጠው ይሄዳሉ። ባሕር ዛፍ ቢሆን ያቆጠቁጥ ነበር፤ ፓልም አያቆጠቁጥም። እምቡጡ አብሮ ተቆርጧላ! ሰፈራችን ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ግንዶች አሉ፤ ቅጠል የሌላቸው፣ ቀጥ ብለው የቆሙ። ለማስቆረጥ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡትም ልጆች ግንድ አንጭንም ይላሉ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ጓሮ ያለው ነው። ጓሯችን ኮባ አለ። እናቶቻችን ለድፎ ዳቦ ቅጠሉን የሚቀነጥሱለት፣ ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ሃዲያው ወገናችን እንሰት ብሎ የሚኖርበት ተክል ወገን። ደጋውን የለመደው አሁን ሳይሆን ድሮ ነው። የቅጠሉ መሐል ጅማት የሚቀላ ዓይነት አለው፤ ቅጠሉ በሙሉ ወይን ጠጅ የሚሆንም አለ። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ አይቶ በመጽሐፉ ጽፎለታል። ዛሬ እንግሊዝ አገር ቀዩን እንሰት «የአቢሲኒያ ሙዝ» ብለው በማሰሮ ይሸጡታል፤ ክረምታቸው ሲመጣ ቆፍረው አውጥተው ቤት ያስገቡታል፣ ወይም በጭድና በጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩታል። እኔ ለማሌዢያው ፓልም ኬሻ ሳለብስ፣ እነሱ ለእኛው ኮባ ጨርቅ ያለብሳሉ። እነሱ የተገደዱበት ክረምት አላቸው። እኛ ኬሻ የማያስፈልገውን ቀይ፣ ፊት ለፊት የሚተከል፣ ዓመቱን ሙሉ ደጅ የሚያድር ቀይ እያለን፣ አስፋልት ዳር ካሉት ችግኞች መካከል አንድም ቀን አላገኘሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ጠየቅሁ። «ቀይ ኮባ አለህ?» ልጁ ትሑት ነው፣ አልሳቀብኝም። «ጋሼ፣ ኮባ ማን ይገዛል? ወንዝ ዳር ሞልቶ የለ እንዴ» አለኝ። አጠገቤ አንዲት ወይዘሮ ቀዩን ፓልም አቅፋ ቆማ ነበር። ብርድ ይችላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ምን እንደሚላት ስለማውቅ ቀደምኩት።

«እኅቴ፣ ሰፈርሽ የት ነው?»

«ሽሮ ሜዳ» አለችኝ። እንጦጦ ሥር፤ ከእኔም ሰፈር የበለጠ የሚበርድበት።

የእኔን ፓልም ነገርኳት። ኬሻውን፣ ነጠብጣቡን፣ ተመዝዞ እጄ ላይ የቀረውን ጦር፣ ሽታውን ሳይቀር ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ፓልሙን አየችው፤ ፀሐይ አርፎበት አንገቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እኔን አየችኝ። ቦርሳዋን ከፈተች።