ጋሼ፣ ሹመቱ እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ የጁቤ፤

እኔ ከናፍቆታችሁና ከላስ ቬጋስ ሙቀት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስልኩ አልገባ ቢለኝ ይህችን ደብዳቤ ወደ አገር ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ድረስ እሱ ያደርሳታል፤ ከዚያ ወዲያ ገበያተኛ አያጣትም።

የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። «አንተ ካለህበት አገር አንድ የእኛ ሰው ተሹሟል አሉ» ብለው ጀመሩና ሳይተነፍሱ ጉዳይ ደረደሩልኝ፦ ለታናሽ ወንድሜ ቪዛ እንዲያስወጣለት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ እንዲረዳ፣ አብሬው የተነሣሁትን ፎቶ እንድልክ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ እንዳጣራ።

ጋሼ፣ ይህ ወሬ የጁቤ የመጣው በእግሩ ነው መሰለኝ። ሰውየው አሌክሳንደር አሰፋ ይባላል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እኛ ባለንበት በኔቫዳ ግዛት ለምክር ቤት ተወዳድሮ በ42ኛው የምርጫ ክልል አሸንፏል። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እሱ ነበር። ያን ሰሞን እዚህ ያለን ሐበሾች ታክሲ የምንነዳውም፣ ካዚኖ የምናድረውም፣ የተመረጥነው እኛ ራሳችን ይመስል አንገታችን ቀና ብሎ ሰነበተ። ነገር ግን ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ወንበሩን ለቋል። ለምን እንደለቀቀ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ወንበሩ ራሱ ምን እንደሆነ ላጫውትዎ፣ እርስዎ የደጃዝማችነት ያህል ስላሰቡት።

ምክር ቤቱ 42 አባላት አሉት። አንዱ የሚወክለው ወደ 74 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነው። ሌላ 21 ሰው የሚቀመጥበት ሴኔት ደግሞ አለ። እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ተሰይመው የሚውሉ እንዳይመስልዎ፤ መደበኛ ስብሰባቸው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም 120 ቀን ብቻ ነው። የሚሰበሰቡትም ካርሰን ሲቲ በምትባል፣ ከእኛ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቅ ከተማ ነው። አሁን ደግሞ የሚያስቅዎትን ልንገርዎ፦ ከ120ው ቀን ደመወዝ የሚታሰብላቸው የ60ው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአበል ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ሌላ እንጀራ አላቸው፤ መምህር አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ነጋዴ አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እዚህ ቢመጣ የሚበላ አጥቶ ጦሙን ያድር ነበር።

ቪዛውንም በተመለከተ፣ ቪዛ የዋሽንግተን መንግሥት ጉዳይ ነው። የኔቫዳ ምክር ቤት አባል ለወንድሜ ቪዛ ይስጠው ማለት የባሶ ሊበን ወረዳ ሹም ለሰው የአሜሪካ ቪዛ ይምታለት እንደማለት ነው። ቆርቆሮውን እኛ እዚህ ያለነው አዋጥተን እንልካለን፤ እሱን ለኔ ይተዉት።

ታዲያ ይህን የማያበላ ወንበር ማን ይፈልገዋል ይሉኝ ይሆናል። የሚፈልገው ብዙ ነው፤ አፈላለጉን ቢያዩ ግን ያዝናሉ። ባለፈው የምርጫ ወቅት ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ባለፈበት ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እዚህ አገር በር ሲንኳኳ ሰው ተነሥቶ አይከፍትም፤ ደወሉ ላይ ካሜራ አለ፣ ባለቤቱ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ በስልኩ «ማነህ? ምን ፈለግህ?» ይላል። እንግዳው ለበሩ ይለምናል፣ በሩ ይመልስለታል። እኔ ግን እርስዎ ያሳደጉኝ ስለሆንኩ ከፈትኩ። ባርኔጣ ያደረገች፣ ፊቷ በርበሬ የመሰለ፣ በአንድ እጇ የውኃ ጠርሙስ በሌላው ስልክ የያዘች ሴትዮ ቆማለች። ለምክር ቤቱ ትወዳደራለች። ስልኳን አየት አድርጋ ስሜን ከነአባቴ ስም ጠራችው፤ እርግጥ አባባ ስማቸውን ቢሰሙት አይለዩትም ነበር። የየትኛው ፓርቲ ሆኜ እንደተመዘገብኩና ባለፉት ምርጫዎች ወጥቼ መምረጤም እዚያው ተጽፎላታል። ላቤ መጣ። ኋላ እንደገባኝ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ መምረጤን እንጂ ማንን መምረጤን አያሳይም።

ባለቤቴ ቡና አቀራርባ ነበርና «ትግባ እንጂ፣ ደጅ ላይ ሰው ይቆማል?» አለች። ሴትዮዋ ለአንድ ቤት የመደበችው ሦስት ደቂቃ ነው፤ የእኛ ቡና ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንዳለው ያወቀችው ከተቀመጠች በኋላ ነው። በአቦል ጊዜ ሰዓቷን ደጋግማ አየች። በቶና ጊዜ ተስፋ ቆረጠች። በረካው ሲደርስ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች ስለ ልጆቿ ታወራን ነበር። እኔም እርስዎን ስላሰብኩ «የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት። ግራ ገብቷት አባቷ ቧንቧ ሠራተኛ እንደነበሩ ነገረችኝ። ጋሼ፣ ለሥልጣን የመጣ ሰው አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር ብሎ በኩራት ሲናገር በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ «አንተን የሚያስጨንቅህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የቤት ኪራይ አልኳት። ስንት እንደምከፍል፣ በስንት ጊዜ ስንት እንደሚጨምሩብኝ አንድ በአንድ ጠይቃ ስልኳ ላይ ጻፈች። ስትሄድ ባለቤቴ ዳቦ ጠቅልላ አስያዘቻት። «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የምንለውን ብታውቅ ኖሮ ከልብ እንደጋበዝናት ይገባት ነበር። ከሳምንት በኋላ በእጇ የጻፈችው የምስጋና ካርድ በፖስታ መጣልን፤ ቡናውንም ኪራዩንም ጠቅሳለች።

አሁን ወደ አሰፋ ልመለስ። ሁለት ጊዜ ተመርጦ፣ ለሁለተኛው ዘመን ምክር ቤቱ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የመኖሪያ አድራሻውንና የምርጫ ገንዘቡን የሚመለከት ምርመራ ተከፈተበትና ለቀቀ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ፍርዱን ለፈራጅ እተዋለሁ። እኔን ያስገረመኝ ጥያቄው ነው። በኔቫዳ ሕግ እጩ የሆነ ሰው የእጩዎች ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት ቢያንስ 30 ቀን እወክለዋለሁ በሚለው ክልል ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። እንግዲህ ፖሊስ የሕዝብ እንደራሴን «የምታድረው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ ማለት ነው! «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ላደግሁት ለእኔ ይህ ሰማይ ሲታረስ እንደማየት ነበር። እዚህ ያለን ሐበሾች አፍረን ከረምን። ሲመረጥ የሁላችን ልጅ ነበር፤ ሲለቅ ግን «እኔ እንኳ አላውቀውም» የማይል ጠፋ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ እርስዎ ደጋግመው የሚያጫውቱን የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ትዝ ስላለኝ ነው። ያን ጊዜም አዲስ አበባ ፓርላማ ነበረን። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁን ሲያጸድቅ እነ ሞጣና ቢቸና የሰሙት ከገማቹ አፍ ነው። ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ሸፈተ፤ ጦር ዘመተ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ተማረ። እኔ የማስበው፣ ያን አዋጅ ካጸደቁት ሰዎች አንዱ እንኳ አስቀድሞ በቢቸና ደጃፎች እየዞረ «ይህ ነገር ያስጨንቅሃል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ መልሱን በጥይት ሳይሆን በቃል ይሰማው ነበር። ሕግ የሚያወጣ ሰው እግሩ ሊቆስል፣ ውሻ ሊያባርረው፣ በር ሊዘጋበት ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ እዚህ ስላለው ሹም መጠየቁን ይተዉና እዚያው ይሞክሩት። ነገ ባሕር ዳር ላለው የክልል ምክር ቤት ምረጡኝ የሚል ሰው ደጅዎ ቢመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ እርስዎ ገና ከሩቅ ያውቁታል፤ እሱን አይጠይቁት። የሚያድረው የት እንደሆነ፣ ለምርጫው ገንዘብ የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ከተመረጠ በኋላ የጁቤን መቼ እንደሚያያት ይጠይቁት። ጠላውን ግን መልስ ከሰጠ በኋላ ያቅርቡለት፤ እኛ ቀድመን ስለምናጠጣ ነው መልስ የማናገኘው።

ለእትዬ፣ ለልጆቹና ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ከላስ ቬጋስ