የረጅም ርቀት የቡድን ብስክሌት ጉዞ አዘገጃጀት

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በብስክሌት ለመሄድ በቅድሚያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ብስክሌቱ ኋላ ይደርሳል። ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይኖሩታል፤ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ከተገኘም በአባልነት ይታቀፋል።

ቀጥሎ ደብዳቤ ይጻፋል። የመነሻ ከተማዋ ስም «የሰላም መንገድ» ማለት ስለሆነ፣ በመንገዱ በሰላም ለመውጣት ባለማኅተም ወረቀት ግድ ነው። ማኅተሙ እንደ ጎማ ክብ ነው፤ ግን አይንቀሳቀስም፣ ያዡ ስብሰባ ገብቷልና። ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ጋልቦ 24ኛ የወጣው ይህ ሁሉ ሳይሟላ ነበር፤ አንደኛ ያልወጣውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የበጀቱ አብላጫ ለቲሸርት፣ ለባነርና ለአበል ይውላል። ባነሩን ሁለት ጎረምሶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ከነፋስ ጋር ይታገላሉ፤ የክብር እንግዳው ስም ጎልቶ እንዲታይ «ብስክሌት» የሚለው ቃል ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የማስቲሽና የመንፊያ ጉዳይ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል።

ከጧቱ 12 ሰዓት የተባለው ጉዞ 4 ሰዓት ላይ በንግግር ይከፈታል። አጃቢ መኪኖች ከብስክሌቶቹ ስለሚበዙ ማን ማንን እንደሚያጅብ መለየት ያስቸግራል። ፀሐይ ሲበረታ፣ ለብስክሌተኞቹ ደኅንነት ሲባል፣ ሁሉም ከነብስክሌታቸው አይሱዙ ላይ ይጫናሉ። ቡሬ መግቢያ ላይ ወርደው፣ ፊታቸው ላይ የሃይላንድ ውኃ ተረጭቶላቸው ፎቶ ይነሳሉ። ሪፖርቱም ጉዞው ያለ አንዳች የጎማ ፍንዳታ መጠናቀቁን ይገልጻል።